አንበሳ የታገልሁበት ፊልም

በወጣትነቴ ፈረንጆች ማንኪራ ጫካ መጥተው የአደን ፊልም ሲሠሩ አንበሳ የታገልሁት እኔ እንደሆንሁ ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ራሴ ነግሬአቸዋለሁ። ፊልሙን ግን ያየው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት መምህር ወንድማገኝ ከኢንተርኔት አውርዶ በከተማው አዳራሽ አሳየን። ከሌላ ከተማ፣ ከዋጫ ሳይቀር ሰው ጎረፈ። ብቀር ፈራ ይሉኛል ብዬ ከፊት ተቀመጥሁ።

አንበሳው ብቅ አለ። ለፊልሙ ተብሎ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ፣ ዝሆን የሚያክል አውሬ ነው። እኔ ደግሞ ዛፍ ላይ ነኝ። ከታች አንዲት ኮረዳ የተሸከመችውን ማር አስቀምጣ አፍንጫውን በዱላ ስትለው፣ አንበሳ ሆዬ ጭራውን ወሽቆ ወደ መኪናው ሮጠ።

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

“ጋሽ አምባው፣ የታገልከው ከቅርንጫፉ ጋር ነው እንዴ?” አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። “ልጅቷስ ማን ናት?”

“እኔ ነኛ!” አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ተሾመች። “ስንት ዘመን ዝም ብዬ ሰማሁት!”

ስሜ አፈር ሊገባ ነው። ብድግ አልሁ።

“ሳቁ! አንበሳ ካባረረች ሴት ጋር ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ቤት ያደረ ከእናንተ መሀል ማን አለ?”

ቀድመው ያጨበጨቡልኝ ባለትዳሮቹ ናቸው።