የእግሬ ክኒን

የእግሬን ክኒን ለእዮብ የሰጠሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ለንደን ስቶክዌል፣ እኔው ቤት፣ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ ይቆረጥ ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን እንደረገምኩ ፈጣሪ ያውቃል። ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩ ጭራሽ ክፉ ሴት እመስላለሁ።

እዮብ የልጄ የኂሩት ልጅ ነው። ኂሩት በስደት ስትወጣ ቪዬና ቀረች፣ እኔን ታናሽ እህቷ ለንደን አመጣችኝ፣ እሱ እዚያው ቪዬና ተወለደ። ኦስትሪያዊ ነው። ፓስፖርቱም፣ ቁርሱም፣ ሰዓት አክባሪነቱም የኦስትሪያ ነው። አማርኛውን እናቱ በደብተር ነው ያስተማረችው፤ እስከ ዛሬ እኔን "እርስዎ" ሲል እንደ ቢሮ ሰው ነው። በስድስት ዓመቱ ኳስ ጀመረ። በአሥራ አራት ዓመቱ ወደ ኳስ አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዱት፤ ያኔ "ልጁን ለባዕድ አስረከብሽው" ብዬ ከኂሩት ጋር አንድ ወር ተኳረፍን። በአሥራ ስምንቱ ደሞዝተኛ ተጫዋች ሆነ። በሃያ አንዱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ስምንት ወር ቤት ዋለ። በሃያ ሦስቱ እዚህ እንግሊዝ ያለ ክለብ ገዛው። ሰው ሲገዛና ሲሸጥ መስማት እስካሁን አልለመድኩም። ከዚያ አንድ ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ፣ አንድ ዓመት ለሌላ ክለብ በውሰት፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ። አሁን ሃያ ሰባት ሞላው።

መሐል ሜዳ ነው የሚጫወተው። ጎል ያገባ ይጨበጨብለታል፣ ያዳነ በረኛ ስሙ ይጠራል። የእኔ ልጅ ከሁሉም በላይ ሮጦ፣ ከሁሉም በላይ ተረግጦ፣ ኳሱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ይመለሳል። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ላይ ጎል ይቆጥራል፣ እኔ እሱ የወደቀበትን እቆጥራለሁ።

አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ኳሷ ወደ እሱ ሳትመጣ በፊት አንገቱን አዙሮ ከኋላው ያያል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ለብዙ ጊዜ እናቱን ከሕዝቡ መሐል የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ስጠይቀው ሳቀብኝ።

"እማማ፣ ኳሱ እግሬ ስር ከገባ በኋላ ማየት ዋጋ የለውም። ከኋላዬ ማን እንዳለ ቀድሜ ማወቅ አለብኝ። የመጀመሪያው አሠልጣኜ ሳላይ ከተቀበልኩ ከሜዳ ያስወጣኝ ነበር።"

"በስድስት ዓመትህ?"

"በስድስት ዓመቴ።"

"ጨካኝ ነው።"

"ኦስትሪያዊ ነው" አለኝ።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት ክለቡ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ለመውጣት አንድ ጨዋታ ቀረው። እሑድ፣ ዌምብሊ ስታዲየም። በዚያ ላይ የኦስትሪያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ እዮብን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረው። ልጄ ለአገሩ ቡድን አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም። "ሃያ ሰባት ዓመት ለእኛ እርጅና ነው እማማ፤ አሁን ካላዩኝ አያዩኝም" ይለኝ ነበር፤ ሲናገረው እንደ ቀልድ ነው፣ ዓይኑ ግን አይቀልድም።

ሐሙስ ዕለት እንደ ወትሮው ሊጠይቀኝ መጣ። ሲገባ ያነክሳል። ካልሲውን ሳስወልቀው ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

"ይኼ ምንድን ነው አንተ?"

"ልምምድ ላይ ተረገጥኩ። ትንሽ ነው። ፊዚዮው፣ የክለቡ ወጌሻ፣ አይቶታል፣ በረዶ ያዝበት፣ እሑድ ትደርሳለህ ብሎኛል።"

"በረዶ! ዓሣ ነህ?"

በእኛ ቤት መድኃኒት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጎረቤቴን ሮማንወርቅን ወገቧን ሲሻላት የተረፈው ለእኔ ትከሻ ይመጣል፤ የእኔ ሳል ሲለቀኝ ሽሮፑ ወደ እሷ ይሄዳል። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ሐኪም ቀጠሮ እስኪሰጥ ሦስት ሳምንት ነው፤ የጓደኛ መሳቢያ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። እኔም የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ። ከውስጡ ጂፒው፣ የሰፈሬ ሐኪም፣ ለእግሬ እብጠት ያዘዘልኝ ትንሽ ነጭ ክኒን አለች። ጠዋት ከዋጥኳት እስከ ቀትር ጫማዬ ይገባልኛል። እብጠት እብጠት ነው ብዬ አሰብኩ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ሌላው ሰው የማያነበውን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ፤ ግን እንዲህ ነው ያሰብኩት።

ሁለት ፍሬ አውጥቼ ከውሃ ጋር ሰጠሁት።

"ምንድን ነው?" አለ። "ፓራሲታሞል ነው?"

እምቢ እንዳይለኝ ፈራሁ። "አዎ፣ ፓራሲታሞል ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ክኒኑን ሳያገላብጥ ዋጠው።

ዓርብ ጠዋት ደወለልኝ። "ሌሊቱን ሽንት ቤት ስመላለስ ነው ያደርኩት፣ ግን እግሬ ቀለል ብሎታል" አለኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። የራሴን ክኒን ልቀበል ፋርማሲ ስሄድ አፌ መቼ ዝም ይላል? ፋርማሲው ውስጥ የምትሠራው ፊርደውስ እዚሁ ለንደን ከደሴ ሰዎች የተወለደች ልጅ ናት፤ ሁሌም አረፍ ይበሉ ብላ ወንበር ትስብልኛለች።

"ይቺ ክኒን ተአምረኛ ናት" አልኳት። "ለእኔ ብቻ መሰለሽ? ኳስ ተጫዋቹን ልጄንም አዳነችው።"

ፊርደውስ ካርቶኑን እንደያዘች ቆመች። "እማማ ኤልፍነሽ፣ ሲሪየስሊ፣ የምርዎን ነው? ለእዮብ ሰጡት?"

"ሁለት ብቻ።"

ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይኼ ውሃ ከሰውነት የሚያስወጣ ክኒን ነው። አንዳንድ ስፖርተኛ ሌላ የተከለከለ ነገር ወስዶ በሽንቱ እንዳይገኝበት ይኼን ይጠቀማል። ስለዚህ ይኼም ራሱ የተከለከለ ነው። ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቾችን በዕጣ እየመረጡ ሽንታቸውን ቼክ ያደርጋሉ። ቢገኝበት ከኳስ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊያግዱት ይችላሉ።"

"አያቴ ሰጠችኝ ቢልስ?"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማማ። ለክለቡ ዶክተር ዛሬውኑ ይንገር። ዛሬ።"

ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። ሮማንወርቅ ከገበያ ስትመለስ እዚያው አገኘችኝና ጉዱን ነገርኳት።

"ዝም በይ" አለችኝ ወዲያው። "ከዚያ ሁሉ ተጫዋች እሱ ላይ ዕጣ ይወጣል? እስከ እሑድስ ከሰውነቱ ይወጣ ይሆናል፤ ሌሊቱን ሲሸና አድሯል አላልሽም?"

"ዕጣው ቢወጣበትስ?"

"ብትነግሪው ደግሞ ዌምብሊን በገዛ እጅሽ ነጠቅሽው። ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን! አስቢበት እንጂ።"

አሰብኩበት። ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ። ብነግረው እሑድ አይጫወትም፣ የአገሩ አሠልጣኝ ባዶ ቦታውን አይቶ ይመለሳል። ባልነግረው ምናልባት ምንም አይሆንም፤ ምናልባት ደግሞ ሃያ ዓመት የሮጠበት ሁሉ በአንድ ብልቃጥ ሽንት ያልቃል። ዝም ማለት እንዴት ደስ እንደሚል! ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ ሜዳ ላይ ሳያይ አንድ ኳስ አይቀበልም። ከእኔ እጅ ግን ሳያይ ተቀበለ። ከኋላው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ባቡር ገባሁ። ግሪን ፓርክ ወርጄ ቀይሬ፣ ዌምብሊ ፓርክ ደረስኩ። እዮብ የተከራየው ከአዲሶቹ ፎቆች አንዱ ነው፤ በመስኮቱ የስታዲየሙ ቅስት ይታያል። በሩን ሲከፍት የእሑድን ቦርሳ እያዘጋጀ ነበር።

"እማማ! ብቻዎን መጡ? ምነው፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ተቀመጥ።"

"እርስዎ ይቀመጡ እንጂ።"

"ቆሜ ነው የምናገረው፤ ከተቀመጥኩ እተወዋለሁ" አልኩና ካርቶኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። "ትናንት የሰጠሁህ ይኼ ነው። ፓራሲታሞል አይደለም። የእኔ የእግር ክኒን ነው። የተከለከለ ነው አሉኝ።"

ስሙን አነበበ። ስልኩን አውጥቶ ፈለገው። ከዚያ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሲወድቅ ግን አላየሁም።

"ጠይቄዎታለሁ እኮ" አለኝ። "ፓራሲታሞል ነው ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ።"

"ዋሸሁህ።"

"ለምን?"

"እንድትድን ብዬ።"

በጀርመንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ትርጉሙን አልጠየቅኩም። ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ቅስቱን አየ። ከዚያ ሳይዞር፦

"ማን ማን ያውቃል?" አለኝ።

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። እኔም ፌርማታው ላይ ዝም ብልስ ብዬ በዚያው መንገድ ሄጄ ነበር።

"እኔ። ፊርደውስ። እግዜር።" ከዚያ አንገቴን ደፍቼ "ሮማንወርቅም" አልኩ።

"ሮማንወርቅ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"እንግዲያው ኦስትሪያም ሰምታለች" አለ፤ ሳይወድ ሳቀ፣ ሳቁም መሐል ላይ ተሰበረበት። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና ስልኩን አነሣ።

ለክለቡ ዶክተር ደወለ። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት እሰማለሁ። ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ መቼ፣ ስንት ፍሬ፣ ማን ሰጠህ እያለ ጠየቀ። ለመጨረሻው ጥያቄ እዮብ ሳይመልስ እኔ ቀደምኩት። እንግሊዝኛዬ የገበያ ነው፤ ግን "እኔ ሰጠሁት፣ ፓራሲታሞል ነው ብዬ ዋሸሁት፣ እሱ አያውቅም፣ ስሜን ጻፍ" አልኩት፤ ስሜንም ፊደል በፊደል ነገርኩት። ዶክተሩ ስሜን እየደገመ ጻፈ። ከዚያ "እሑድ አትጫወትም፣ እዮብ። አዝናለሁ" አለው። የኔ ልጅ "አውቃለሁ" ብሎ ዘጋ።

ያንን ቦርሳ ሲፈታ እያየሁ ቆምኩ። ጫማውን አወጣና ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባው፤ ማሊያውን አጥፎ አስቀመጠው። ላግዝህ ስለው "ይተዉት" አለኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ስታዲየም ይዞኝ ሄደ። በስንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ኳስ አየሁ፤ የሚወድቅ አልነበረኝምና የምቆጥረው ጠፋኝ። የእሱን ቦታ የያዘው ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ ነው። ኳስ ወደዚያ ልጅ ስትሄድ ሁሉ እዮብ እተቀመጠበት አንገቱን ወደ ኋላ ያዞራል። ከኋላችን የተቀመጡት ሰውዬ እሳቸውን የሚያያቸው መስሏቸው ሁለት ጊዜ ሰላም አሉት። ክለቡ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ሁሉም ሲዘል እሱም ዘለለ፣ ባንድ እግሩ፤ ሲያለቅስ ግን ሌላው ሰው የሚያለቅስበት ምክንያት አልነበረም ያስለቀሰው። እኔ አውቃለሁ።

ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። የክለቡ ሰዎች ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎቹ ደብዳቤ ጻፉ፣ ፊርደውስም እኔም በጽሑፍ መሰከርን። በመጨረሻ የመጣው መልስ ጽኑ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እገዳ የለም። በመጪው ዓመት በላይኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል። የኦስትሪያው አሠልጣኝ በሰኔ አልጠራውም። "በመስከረም እናያለን" ብሎታል አሉ፤ እሱ ግን ስለዚያ ብዙ አያወራም፣ እኔም አልጠይቅም።

የብስኩት ቆርቆሮውን ለፊርደውስ አስረከብኳት፣ ጠቅልላ ጣለችው። ሮማንወርቅ እስካሁን ትቆጫለች፣ ግማሹ የእሷ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ እዮብ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፣ ከጎኑ ብስኩት ከነፓኬቱ አደረግሁ። እጁን ወደ ብስኩቱ ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው። ሰረቅ አድርጎ አየኝ፣ አፈረ። ከዚያ ፓኬቱን ገልበጥ አድርጎ ከጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ከፋኝ፣ አልዋሽም። ግን መነጽሬን አወለቅኩና ሰጠሁት።

"አንብብ" አልኩት። "ታች ያለውንም አንብብ።"

እስከ ታች አነበበው። ከዚያ አንድ አነሣና በላ።