የአባቷ እንግሊዝኛ

«ይሄ እንግሊዝኛ ሞተሩ ከፊት ነው» አለ አባቷ ድምፁን ሳይቀንስ፤ በዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «ማን እንደሆነ ትናገሪያለሽ፣ ወዲያው ምን እንዳደረገ። ጭነቱ ከኋላ ይከተላል። የአማርኛችን ሞተር ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ የሰውየውን ፊት እያየሽ ትጀምሪና ካልጣመው ሳትጨርሺ ትመለሻለሽ።»

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና ሁሉን ነገር በመኪና ነው የሚያስረዳው። የእንግሊዝኛ መምህርት የሆነችው ልጁ ፈገግ ልትል ሞከረችና አቃታት። ባለፈው ቀጠሮ የውጭ አገሩ ሐኪም የነገራትን አልነገረችውም። ግራ ዓይኑ ላይመለስ ሄዷል። ቀኙም ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ይከተላል፤ ቢደረግለትም ሊተርፍም ሊጠፋም ይችላል። እሷ ግን አስተርጓሚ ሆና መሃል ተቀምጣ «ጠብታ አዞልሃል፣ አይዞህ» ብላው ነበር። ዛሬ ሐኪሙ የሚፈልገው የአባቷን የራሱን ውሳኔ ነው።

በቤታቸው ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም። እናቷ ስትታመምም እንዲሁ ነበር፤ ሁሉም እያወቀ፣ እናትየዋም እያወቀች፣ ማንም እንደማያውቅ ሆነው እስከ መጨረሻው ተሳሳቁ። መምህርቷ ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ትጠላዋለች። ተራው የእሷ ሲሆን ግን ሌላ መላ አልመጣላትም።

«እንግሊዝኛ አስተምሪኝ» ያላት በዚያ ቀጠሮ ማግስት ነው። ጡረታው ሰልችቶት መስሏት ደስ አላት። ዓይኑ ፊደል ስለማይለይለት በጆሮው ያዘ፤ ልብስ ሲያጥፍም፣ ሲላጭም ያነበንባል። ስለ ፍርሃትና ስለ ድፍረት የሚባሉትን አባባሎች አምጪ እያለ አስቸገራት። እንግሊዞች ሲፈሩ እግራቸው እንደሚቀዘቅዝ፣ ሆዳቸው ውስጥም ቢራቢሮ እንደሚበር ስትነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«የእኛን ሆድ ባር ባር ይለዋል፣ የእነሱ ቢራቢሮ ያረባል! ሲደፍሩስ?»

«ጥይት ይነክሳሉ።»

«ጉድ እኮ ነው! እኛ ጥርሳችንን ብቻ ነክሰን ኖርን።»

ስማቸው ተጠራ። ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ እንደ ልማዱ ወደ መምህርቷ ዞረ። አፏን ከመክፈቷ በፊት አባቷ እጁን አነሳ።

«ዛሬ አንቺ ዝም በይ» አላት።

ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደ ከባድ ዕቃ እያወረደ፣ ዓይኔ ይጠፋል ወይ ብሎ ሐኪሙን ጠየቀው። ቀስ ብለህ ንገረኝ አለው። ልጄ ትወደኛለች፣ ስለዚህ እውነቱን አትነግረኝም አለ።

መምህርቷ የምታርመው ስህተት ፈለገች፤ አልነበረም። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ሐኪሙ አንዴ አያትና አንገቷን ስትደፋ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ስለ ግራው ነገረው፣ ስለ ቀኙ ነገረው፣ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ደጋገመለት። አባቷ ያልገባውን እያስደገመ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«አውቀህ ነበር?» አለችው በአማርኛ።

«እሱ ያን ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ አንቺ ‹ጠብታ› ብለሽ ጨረስሽው፤ እንዴት አላውቅ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ በወደደች።

ሐኪሙ ውሳኔውን ጠየቀው። አባቷ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ዕለት ተሳፋሪው ሲጮህ እሱ «ተረጋጉ፣ ደርሰናል» ይል እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። እናቷን የቀበሩ ቀንም ሰው ያጽናና የነበረው እሱ ነው።

«እፈራለሁ» አለ በእንግሊዝኛ።

ይህን ቃል ከአፉ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ሰምታ አታውቅም። አባቷ በሚያየው ዓይኑ ፈለጋት።

«እንዲህ ነው አይደል የሚባለው?»

«እንዲህ ነው፣ አባዬ» አለች እጁን እየያዘች። «እኔም።»

ሐኪሙ መልሱን እየጠበቀ ነው። አባቷ እጇን ሳይለቅ ወደ እሱ ዞረና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ «ጥይቱን ግን እነክሳለሁ።»