ካፒቴኑ ከመመለሱ በፊት

የእኔ ሥራ ዝምታ መቁረጥ ነው። ተዋናዮች ሲያስነጥሱ፣ ገጽ ሲገልጡ፣ ቃል ሲጠፋባቸው የሚፈጠረውን ክፍተት ሁሉ ከቅጂው ላይ አወጣለሁ። ደራሲዋ «መቀስ» ያለችኝ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ «አለቃ» እላታለሁ። አለቃዬ አይደለችም፤ ግን ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን እምቢ ብያት አላውቅም።

የምንሠራው የሬዲዮ ድራማ ነው። ከምድር የራቀች አንዲት መንኮራኩር፣ በውስጧ አንድ ካፒቴንና አንዲት መካኒክ አሉ። ወዳጆች ናቸው፣ በቃ። «ወንድና ሴት አንድ ላይ ከታዩ የግድ መፋቀር አለባቸው ያለው ማነው?» ትላለች አለቃ።

አድማጮቻችን ናቸው ያሉት። ሰኞ ሰኞ ከቀረጻ በኋላ መልእክቶቻቸውን ጮክ ብለን እናነባለን፤ የስቱዲዮአችን ደንብ ነው። ከአሥሩ ስምንቱ «መቼ ነው የሚነግራት?» ይላሉ። አለቃ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብላ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሠርጉን ዘፈኖች የምመርጠውም እኔው ነኝ።

ባለፈው ሰኞ አንዲት የሒሳብ መምህርት ረጅም ደብዳቤ ላከች። ሴትዮዋ ሠላሳ አንዱንም ክፍል በሰዓት ለክታዋለች። ካፒቴኑ ለሌላ ንግግር ሁሉ ወዲያው ይመልሳል። መካኒኳ «ደህና እደር» ስትለው ግን ሦስት ሰከንድ ዝም ይልና ነው «ደህና እደሪ» የሚላት። አንድም ክፍል አልሳተም። «ይህ ፍቅር ካልሆነ ሒሳብ ማስተማሬን እተዋለሁ» ይላል መጨረሻው።

አለቃ አልሳቀችም። ጽሑፏን አውጥታ ገጾቹን አገላበጠች።

«ዝም ይላል የሚል የትም አልጻፍኩም» አለች። «ተዋናዩ ነው እንዴ?»

ሰውዬው ምን በወጣው። «እኔ ነኝ ያስገባሁት» አልኳት።

«ለምን?»

ማታ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆማ «ደህና እደር፣ መቀስ» ትለኛለች። ለመመለስ የሚፈጅብኝ ያንኑ ያህል ነው። መናገር የምፈልገው ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለ ሰው የተናገረው ግን አይመስለኝም።

«ጠፈር ሰፊ ነው» አልኩ። «ድምፁ እስኪደርስ ብዬ ነው።»

«ጎን ለጎን ተቀምጠው?»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።

«አውጣው፣ መቀስ» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ይሳሳታል።»

«እሺ» አልኩ።

የዚያን ሳምንት ክፍል ሳስተካክል አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተጫንኩት። «ደህና እደር»፣ «ደህና እደሪ»። አውቶቡስ ውስጥ ተገናኝተው የሚለያዩ ሰዎች መሰሉ። መልሼ መልሼ ሰማሁት፤ ግን ምን አባቴ ላድርግ?

ዛሬ ሰኞ ነው። መልእክቱ ሁሉ «ተጣሉ እንዴ?» ይላል። የማንበብ ተራው የአለቃ ስለነበር አንድም ሳትዘል አነበበችው። የመጨረሻው የመምህርቷ ነበር፣ አጭር።

«ካፒቴኑ ተስፋ ቆርጧል» ብላ አነበበች። «ምን ብላው ይሆን?»

ወረቀቱን አስቀመጠች። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ የለመደብኝ ነገር ሆኖ ቆጠርኩ። ሦስት ሰከንድ አለፈ፣ አምስት አለፈ። ዘጠኝ ላይ ስልኳ ጠራ።

«እጮኛዬ ከታች መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው» አለች።

ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን አላዞረችም።

«ደህና እደር፣ መቀስ።»

«ደህና እደሪ» አልኳት፣ ወዲያው።