ፒካፑን ከፍ ያደረግን ጊዜ

አማቴ እማማ ጠጅቱ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። እኔም ቀና ብዬ ዓይናቸውን አይቼ አላውቅም። የእኛ ቤት አማችነት እንዲህ ነው። የሚሉኝ ነገር ሲኖር እኔው ፊት ቆመው ለሚስቴ ለፀሐይቱ ይነግሯታል። «ለባልሽ ንገሪያቸው» ይላሉ። እኔ እየሰማሁ፣ እሷ መልሳ ትነግረኛለች።

ያን ዓመት፣ ገና ክረምቱ ሳይወጣ፣ «ለባልሽ ንገሪያቸው፤ ዘንድሮ መስቀልን አገሬ ካልዋልኩ ለከርሞ አልደርስም» አሉ።

አንጀቴን በሉት። አምና በፒካፔ ጭኛቸው ከእንድብር ወዲያ ያለው ወንዝ ድረስ ደርሰን ነበር። የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ተላተመ፣ ሞተሩም ውኃ ጠጣና ቀጥ አለ። ከወንዙ ማዶ የወንድማቸው ቤት ጭስ እየታየ ተጎትተን ተመለስን። እማማ አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ያለው ቤታችን ተቀምጠው ክትፏቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ያን ወንዝ ስሰድብ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የወንዙ አልነበረም። ሽንኩርትና ድንች የማመላልስባት ፒካፕ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር።

ስለዚህ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ አብነት ሲወረድ ወዳለው ወደ መካኒኩ ሂርጳ ጋራዥ ሄድን። ፀሐይቱም እንዳልታለል ብላ ተከተለችኝ።

«አካሏን የተሸከመው ባሌስትራ ላይ ብረት ጨምረን ከፍ እናደርጋታለን» አለ ሂርጳ። «ከዚያ ትልቅ ቸርኬና በላዩ ትልቅ ጎማ።»

«ምን ያህል ትልቅ?»

«ወንዙ ምን ያህል ነው?»

«ጥልቅ ነዋ!»

«ጥልቅ መለኪያ አይደለም።»

ይሄኔ ፀሐይቱ ጣልቃ ገባች። «አምና ገብቼበት የለም እንዴ! እስከዚህ ነው የመጣው» ብላ ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ በቀሚሷ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

ሂርጳ ፊቱ በራ። «በሉ እጅዎን ሳያነሱ ይቁሙልኝ» አለና ጎማዎቹን እያንከባለለ አጠገቧ ያቆም ጀመር።

«የሚስቴን ጉልበት ሳይሆን ጎማውን እይ!» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

የድሮው ጎማዬ ከመዳፏ በታች ቀረ። ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ልቤ እሱ ላይ ቀረ። ከመዳፏ ጋር ግን እኩል ሆነ። ሦስተኛው ያገለገለ ነው። ጥርሱ ገና አላለቀም፣ ቁመቱም መዳፏን አልፎ ወጣ።

«ይሄ ከገባ ሲታጠፍ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይነካል፣ መቁረጥ አለብን» አለ ሂርጳ። «ቤንዚንም ይጠጣል። የራሽን ኩፖን አለህ?»

ያንን የሚያብረቀርቀውን አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁትና «ቁረጠው» አልኩ።

ፒካፗ ከጋራዥ ስትወጣ ሌላ መኪና ሆናለች። ጎረቤቴ አቶ ፈቃደ አንጋጠው አይተው «ደጉ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ሰገነት?» አሉኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ የማያስፈልገኝን ዕቃ ልገዛ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ነድቼ ተመለስኩ።

የመሄጃችን ጠዋት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አገልግላቸውን አስጭነው መጡ። አንድ እግራቸውን አነሱ፤ አልደረሰም። ጉልበታቸው ከድሮም እንደ ልብ አይታጠፍም። ለካ የልጅቷን ጉልበት ስንለካ የእናቷን ረስተን ኖሯል!

በርጩማ አመጣን። «በስተርጅና በርጩማ ላይ ልንጠላጠል?» ብለው እምቢ አሉ። ሊሸኘን የመጣው ሂርጳ ላንሳዎት ቢል «የባዳ እጅ አይነካኝም» አሉ። እኔ አማቻቸው ነኝ፤ እንኳን ላቅፋቸው ቀና ብዬም አላያቸው። ፀሐይቱ ከኋላ ልትገፋ ሞክራ ሁለቱም በሩ ላይ ተደግፈው በሳቅ ፈነዱ።

ከዚያ እማማ ሳቃቸውን አቆሙና በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። «በቃ እናንተ ሂዱ። ለእኔ አልተባለም» አሉ።

«መኪናዋን መልሰህ አውርዳት!» ብዬ ሂርጳ ላይ ጮህኩ።

«ካወረድኳት ወንዙን አታልፍም!»

«ካላወረድካት ማንን ይዛ ታልፋለች?»

አንገት ለአንገት ልንተናነቅ ስንል የእማማ ድምፅ መጣ። «ለባልሽ ንገሪያቸው፤ ጩኸቱን ይተዉና መኪናውን እዚያ ቦይ ውስጥ ያስገቡት።»

ያ ቦይ ቀበሌው በዘመቻ ያስቆፈረው ነው። የቀበሌው ጓዶች ቱቦ ይመጣል ብለው መንገዳችንን ለሁለት ከፈሉት። ቱቦው ቀርቶ ዝናቡ መጣና ጠርዙን እየናደ አሰፋው፤ ክረምቱን ሙሉ ስንረግመው ከረምን። ለካ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!

ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ነዳኋት። የመኪናዋ ወለል ከቦዩ አፍ ጋር እኩል ሆነ። እማማ ወደ ጓዳቸው እንደሚገቡ ሁሉ ተራምደው ገቡና ተቀመጡ።

አሁን መውጣቱ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቦዩን ከበበ። የድሮዋ ፒካፕ ብትሆን እዚያው ጥቅምትን ትቀበል ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ጎማው ጭቃውን ነከሰ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ፒካፗም ዘላ ወጣች! እልልታው ቀለጠ። አቶ ፈቃደ ኮታቸው ላይ የተረጨውን ጭቃ እያራገፉ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብለው ሳቁ።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን፤ እኛም ገባንበት። ውኃው ጎማውን ሳይሸፍነው ማዶ ወጣን። እማማ በመስኮት ቁልቁል እያዩ «ለባልሽ ንገሪያቸው፤ አምና የመለሰን ይሄ ነው?» አሉ።

ደጃቸው ስንደርስ ወንድማቸው አባ ገብረጊዮርጊስና ዘመድ አዝማድ ወጥተው ከበቡን። እዚያ ግን ቦይ የለም። እኔ ዙሪያውን ጉድጓድ ስፈልግ፣ እማማ ከላይ ሆነው የአጥሩን ውስጥ፣ እንሰቱን፣ የቤታቸውን ጉልላት አንድ በአንድ ያያሉ። እስኪጠግቡ አዩና «መቆፈሪያ አምጡ» አሉ። የወንድማቸው ልጆች እየሳቁ ቆፈሩ፤ እኔም ነድቼ ገባሁበት። እማማ ተራምደው አገራቸውን ረገጡ።

መስቀልን እንዲያ በደስታ ዋልን። የመመለሻችን ቀን እማማ እዚያው ቦይ ውስጥ ተሳፍረው ፒካፗን ሳወጣ አንዱ ልጅ ሊደፍነው አካፋውን አነሳ። እማማ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ተው! እንዳትደፍነው! ለከርሞ በምን ልወርድ ነው?»

ፀሐይቱ ልትነግረኝ አፏን ከፈተች።

«ሰምቻለሁ» አልኳትና ማርሽ አስገባሁ።