ገነነ እንዲቃወም ተወሰነ

ገነነ በዕድሜው ያልተሟገተው ሰው የለም። ከቡሬ የበሬ ነጋዴዎች ጋር ተሟግቷል፤ ድንበር ከገፋበት ጎረቤቱ ጋር ሦስት ክረምት ተካስሷል፤ በረዶ ጤፉን በመታበት ዓመት ደግሞ ወደ ሰማይ አንጋጦ ፈጣሪንም ትንሽ ወቅሶታል። የንስሐ አባቱን ቄስ ወልደ ገብርኤልን ግን አንድ ቀን እንኳ "ይህ ልክ አይደለም" ብሏቸው አያውቅም። አባል የሆነበት ቦርድ እንግዲህ፣ ቄሱ ራሳቸው በሰብሳቢነት ተቀምጠው፣ ይህንኑ ነገ ጠዋት እንዲያደርግ በሙሉ ድምፅ ወሰነበት።

ጣጣው የመጣው ያምሮት ከምትባል ገምጋሚ ጋር ነው። ቡሬ ላይ፣ ከገጠር መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ሃያ ሁለት ልጃገረዶችን የሚያሳድር አንድ ማኅበር አለ። ወጪውን የሚሸፍነው ባሕር ዳር ያለ ረጂ ድርጅት ነው፤ የሚመራው ደግሞ አምስት ሰዎች ያሉበት ቦርድ። ቄሱ፣ ገነነ፣ ደስታነሽ የምትባል የወላጆች ተወካይ፣ አንድ የእህል ነጋዴና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በፊት ይመጡ የነበሩ ገምጋሚዎች ፍራሽና ድስት አይተው፣ ምሳ በልተው ይመለሱ ነበር። ያምሮት ግን ወደ ፍራሹ ዘወርም አላለች። የመጣችው ቦርዱን ራሱን ልትመዝን ነው። አርባ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይዛ፣ የስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ አስወጥታ ስታነብ አረፈደች።

"አቻምየለሽ፣" አለቻት በመጨረሻ የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ፤ "እነዚህ ሰዎች ተከራክረው አያውቁም?"

"ኧረ በጭራሽ!" አለች አቻምየለሽ በኩራት።

ኩራቷ ዕድሜ አልነበረውም። ሰብሳቢው ያሉትን ሁሉ ተቀብሎ የሚበተን ቦርድ ከአራት የሚያገኘው አንድ ነጥብ መሆኑን ያምሮት አስረዳቻት። ከሁለት በታች ያገኘ ማኅበር ድጋፉ ይቋረጥበታል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባቸውን ቁጭ ብላ ታያለች፤ ነጥቡን የምትሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

ለእውነት ከሆነ እነዚህ አምስት ሰዎች ሲከራከሩ የሚውሉ ናቸው። የሚከራከሩት ግን መንገድ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ መሐል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር። ስብሰባ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ ያለቀ ነው። ቄሱን የሚነካ ነገር ከሆነ ደግሞ እሳቸው ባሉበት የትም አይነሣም። ከአራቱ ሦስቱን የሚያናዝዙ እሳቸው ናቸው። ትናንት ኃጢአትህን በጆሮው የነገርከውን ሰው ዛሬ በጉባኤ ፊት ተሳስተዋል ማለት እንዴት ተደርጎ!

አቻምየለሽ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ለስብሰባው ቀደም ብሎ ቡሬ የገባውን ገነነንም ጨምራ፣ ሁሉንም አስጠርታ ጉዱን ዘረገፈችው። "ነገ አንድ ሰው አባን መቃወም አለበት፤ አለዚያ ልጆቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ነው።"

ሁሉም ተስማሙ። ማን ይቃወም ሲባል ግን ሁሉም መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

"ገነነ ይቃወመኝ፣" አሉ ቄሱ። "ድምፁም ጎላ ያለ ነው።"

የሚቃወምበትም ጉዳይ ተመረጠለት፤ የግቢው በር ቀለም። ቄሱ አረንጓዴ ይቀባ ይላሉ፣ ገነነ ቢጫ ይሁን ይላል፣ ጥቂት ይመላለሳሉ፣ በመጨረሻም አረንጓዴ ይሆናል።

ገነነ እንቢ እንዳይል ልጁ ትሕትና እዚያው ማደሪያ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል። ከመንደራቸው ቡሬ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ማደሪያው ከተዘጋ ትምህርቷ በዚያው ማብቃቱ ነው፤ ከዚያ የሚከተለውንም ያውቀዋል። ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዞ "ስለ ልጅህ ላናግርህ" ብሎት፣ "ተማሪ ናት" ብሎ ነው ያመለጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቄሱን ጠበቃቸው።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ።"

"ምን ሠራህ?"

"ገና ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምሠራው።"

ቄሱ ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። "ያልተሠራ ኃጢአት አይፈታም፣ ገነነ። ደሞስ እኔው አይደለሁ ተቃወመኝ ያልሁህ?"

"እሱማ ብለውኛል። አፌ እሺ አላለኝም እንጂ። ተልጅነቴ ጀምሮ 'እሺ አባቴ' ሲል የኖረ አፍ ነው።"

"በል አይዞህ። ቢጫ ማለቱን እንዳትረሳ።"

ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ። ያምሮት ቅጿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጥግ ይዛለች። ቄሱ "የግቢያችን በር አረንጓዴ ቢቀባ እላለሁ" አሉ። ገነነ ተነሣ።

"አባታችን ያሉት ልክ ነው፣" አለና ተቀመጠ።

ያምሮት ጻፈች። አቻምየለሽ ከጠረጴዛው ሥር በጫማዋ ጠለዘችው። ገነነ እንደገና ተነሣ። "አረንጓዴ እንዲያውም ለዓይን ጥሩ ነው፣" አለና አሁንም ተቀመጠ።

"ገነነ፣" አሉ ቄሱ ዓይናቸውን እያጉረጠረጡ፤ "ሌላ የምትለው የለህም? እስቲ አስብ። ስለ ሌላ ቀለም።"

ገነነ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። የቄሱን ፊት ላለማየት በመስኮቱ ወደ ውጭ ወደ በሩ ተመለከተ።

"ቢጫ..." አለ። "ቢጫ ቢሆን... ቢጫስ ቢሆን፣ አረንጓዴስ ቢሆን ምን ሊፈይድ ነው አባቴ? በአሥራ አንድ ሰዓት ለሚዘጋ በር ቀለም ምን ያደርግለታል?"

ገነነ ድምፁን ሲሰማው የሌላ ሰው መሰለው፤ ግን አንዴ ከወጣ ወዲያ መመለሻ አጣለት።

"ትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ነው። የኛ ልጆች በሩ እንዳይዘጋባቸው በአሥር ተኩል ደብተራቸውን አጥፈው ይሮጣሉ። ትሕትናዬ አምና በሂሳብ ሁለተኛ ነበረች፤ ዘንድሮ ሃያኛ ወጣች። በአሥራ አንድ ይዘጋ ያሉት እርስዎ ነዎት። ተሳስተዋል፣ አባቴ።"

"ገነነ!" አሉ ቄሱ ደንግጠው። "የተባባልነው ስለ ቀለም ነው እኮ!"

ያምሮት ቀና አለች። "የተባባላችሁት?"

አቻምየለሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቄሱ ወዲያና ወዲህ አዩና በረጅሙ ተነፈሱ።

"ልጄ፣ ነገ ቀዳሽ ነኝ፤ ዛሬ አልዋሽም። ትናንት ተሰብስበን ገነነ እንዲቃወመኝ ወሰንን።"

"በውሳኔው ያልተስማማ ነበር?"

"ማንም። በሙሉ ድምፅ ነው።"

ያምሮት ሳቋን ልታፍን ብትሞክርም አልሆነላትም። እንባዋን ጠርጋ "የበሩስ ሰዓት? እሱንም ተባብላችሁበታል?" አለች።

"እሱን ገና አሁን መስማቴ ነው።" ቄሱ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "እናንተስ ታውቁ ነበር?"

መምህሩ መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። ነጋዴው ጣሪያውን አየ። ደስታነሽ ናት የመለሰችላቸው። "እናውቃለን አባ። ዓመት ሆነው። ተአያ ገነነ ጋር ገበያ ለገበያ ስናወራው ነው የከረምን።"

"ታዲያ ምነው ለእኔ ሳትነግሩኝ?"

"ፈራንዎት።"

ቄሱ ይቆጣሉ ብሎ የጠበቀው ገነነ አንገታቸውን ሲደፉ አይቶ ቢቆጡት በወደደ።

"ሃያ ሁለት ልጅ ዓመት ሙሉ ሲሮጥ እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ እተኛለሁ፣" አሉ ቄሱ። "እንደዚህ አይከበርም ሰው።" ከዚያ ቀና ብለው "በሩ በአሥራ ሁለት ተኩል ይዘጋ የሚል እጁን ያውጣ" አሉ።

አራት እጅ ወጣ። የሳቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"እኔ አልተስማማሁም። ትምህርቱ ልክ ነው፤ መንገዱ ግን ሲመሻሽ ያሰጋኛል። አሥራ አንድ ያልሁትም ለዚያ ነበር። አራት ለአንድ ብለሽ ጻፊው።"

አቻምየለሽ የምትጽፈውን ቃል ለማግኘት ትንሽ ቸገራት፤ ጽፋው አታውቅማ። ያምሮት በበኩሏ ሁለት ሰጠቻቸው። ስለ ቢጫው ድራማ ሌላ ነጥብ ልትቀንስ አስባ እንደነበር፣ ግን ስትስቅ እንደረሳችው ለአቻምየለሽ ስትሰናበታት ነገረቻት። ድጋፉ ቀጠለ።

ገነነ ያን ቀን ወደ መንደሩ አልተመለሰም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ልጁን ሊያይ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ቄሱ ቀድመውት መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ደብተራቸውን ታቅፈው ሲወጡ፣ ፊት ፊት ትመጣ የነበረችው ትሕትና ቄሱን አይታ ቀጥ ብላ ቆመች።

"አባ፣ ፈቅደዋል ስለተባልን ነው የቆየነው።"

"እኔ አልፈቀድሁም፣" አሉ ቄሱ። "ቦርዱ ነው የፈቀደ። እኔ መንገዱ ያሰጋኛል ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። በሉ ሂዱ ቅደሙ፣ ተኋላችሁ ነኝ። ነገም እዚሁ ነኝ።"