ሰማንያ አንዱ የማን ነው?

ስድስተኛዋ ጠያቂ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ሙህሲና ብርቱካኑን እንደ ጠላት ለሁለት ከፈለችው። የሚመጣው ሁሉ እሷን አልፎ ወደ ታናሽ እህቷ፣ ወደ ሪሃና አልጋ ነው የሚሄደው። "አላህ አፊያ ያርግሽ" ሲሏት ሪሃና እያቃሰተች "አሚን" ትላለች።

ሙህሲናም በዚያው ሳምንት በዚያው ኢንፍሉዌንዛ ተይዛለች። ልዩነቱ፣ እሷ ትኩሳቷን ይዛ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ኦዊኖ ገበያ ወርዳ ልባሽ ጨርቅ ስትሸጥ መዋሏ ነው። ቆሞ የሚሄድን ሰው ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? እናታቸው እንኳ ከኮምቦልቻ ደውላ "ልጄ እንዴት አደረች?" ያለችው ለሙህሲና ነው፤ ልጄ የተባለችው ግን ሪሃና ነበረች።

ቅናት ነው እንዳትሏት። እሷ ፍትህ ነው የምትለው።

ለዚህም ነው ማክሰኞ ዕለት ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ አንድ ክሊኒክ ለጥናት ደም ስጡ ሲላቸው ቀድማ የተነሳችው። የላብራቶሪው ባለሙያ ሕሩይ የአገር ልጅ ስለሆነ በአማርኛ አስረዳቸው። በሽታው ሲጠና ደም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጂኖች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዝም ይላሉ። ያ ተነቦ ከመቶ ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩ ከሰባ በላይ የሆነ ሰው በሽታው ሊጠናበት ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ክሊኒኩ ይመለሳል።

"የሚያቃስተውም የማያቃስተውም እኩል ነው ማለት ነው?" አለች ሙህሲና።

"ደም አያቃስትም" አላት ሕሩይ እየሳቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕሩይን ወደደችው። ቅጹን ስትሞላ፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ላይ የአባቷን ስም አህመድ ብላ ጻፈች። ሪሃናም እንደዚያው፤ ስልክ ቁጥሩም የሁለቱም የሙህሲና ነው። ሌላ ምን ይጻፍ?

አሁን ብርቱካኑን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የክሊኒኩ መልእክት ሁለት መስመር ነው፦ አህመድ 81፤ አህመድ 34።

የትኛው የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ቢላዋውን አስቀመጠችና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ለባሏ ለሃሩን አነበበችለት። "ሰማንያ አንድ ሆኜ ነው ገበያ የዋልኩት" አለችው። ሃሩን ደነገጠ፤ ሶፋው ላይ አስተኝቶ ብርድ ልብስ አለበሳት። ጠያቂዋም ወንበሯን ወደ ሙህሲና አዞረች። ወደ ክሊኒክ እስክትሄድ ትንሽ ብትጠየቅ ምን ነበረበት? ሪሃና ማቃሰቷን ተወች። ዳኛ ሲመጣማ ታቆማለች፣ አለች ሙህሲና በልቧ።

ስልኩ እንደገና ጠራ። ሕሩይ ነበር።

"ይቅርታ፣ ሁለት አህመድ አሉብኝ። ሰማንያ አንድ የወጣላት ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ይላል። እርስዎ ነዎት?"

ሃያ ሦስት ነሽ ስትባል ደስ የማይላት ሴት የለችም። ሙህሲና ግን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሦስቷ ሪሃና ናት፤ ሕሩይ ያለውን ከእሷ በቀር የሰማ ሰው ደግሞ አልነበረም። ወደ አልጋው ዞር ብላ አየች። ሪሃና በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻዋ ይነሳል፣ ይወድቃል። ለካ ዝም ያለችው ማቃሰቻ አቅም አጥታ ነው።

ብርድ ልብሱን ገፍፋ ተነሳች።

"ሃሩን፣ ታክሲ ጥራ። ሰማንያ አንዱ የሪሃና ነው።"

"አሁን የኔ ነው አላልሽም እንዴ?"

"ብያለሁ። ቀንቼ ነው።"

ጠያቂዋ ብርቱካኗን እንደያዘች ቀረች። ሙህሲና ብርድ ልብሱን እህቷ ላይ ጠቀለለችና ደግፋ አወጣቻት። ታክሲው ውስጥ ሪሃና ትንፋሿን እየሰበሰበች "እትዬ፣ አንቺም እኮ ታመሻል" አለቻት።

"እኔማ ሠላሳ አራት ነኝ" አለች ሙህሲና፣ የእህቷን ራስ ትከሻዋ ላይ እያስደገፈች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሪሃናን ኦክስጅን አድርገውላት ለሙህሲና የእህቷን አዲስ ቅጽ እንድትሞላ ሰጧት። ስም የሚለው ሳጥን ላይ ሪሃና ብላ ጻፈች። የቤተሰብ ስም የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን ትንሽ ያዝ አደረገችና፣ ዳግመኛ ከእሷ ጋር እንዳትምታታ እዚያም ላይ ሪሃና ብላ ደገመችው።