ልጅ ለሌለው የሚከራይ

ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ ያለው ግቢ የኔ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አራቱን ክፍል እያከራየሁ እኖራለሁ። ተከራይ ሲመጣ ሃይማኖቱንም ሥራውንም አልጠይቅም፤ መጀመሪያ የምለው «ልጅ አለሽ?» ነው። ምነው ብትሉኝ፣ በውሃ ምክንያት ነው ልጆቼ። የኛ ሰፈር ቧንቧ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢመጣ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ለጨርቅ ብቻ ስንት ጀሪካን ይጨርሳል። ሁለት ተከራዮች በውሃ ተጣልተው ቀበሌ ድረስ ካስጠሩኝ በኋላ፣ በቃ፣ ልጅ ያለው አይገባም አልኩ።

ሰርካለም ከባሏ ከቢያዝን ጋር ጥር ላይ መጣች። ከአዲ አርቃይ በላይ ካለ ገጠር ናቸው። «ልጅ አለሽ?» ስላት «የለኝም እማማ» አለችኝ። አልዋሸችኝም፤ ያን ጊዜ አልነበራትም። ሸጋ ልጅ ናት። ፒያሳ ካንድ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥባለች። መስከረም ሲጠባ ቢያዝን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደና ብቻዋን ቀረች።

ውሃ የመጣ ቀን ከሁሉ ቀድማ ሃያ ሊትሩን ብድግ ታደርጋለች። «ተይ አንቺ፣ ወገብሽ ይቆረጣል!» ስላት፣ «የገጠር ልጅ ነኝ እኮ» ብላ ትስቃለች። ፊቷ ሞላ፣ እግሯም ወፈር አለ። እኔም እቀልድባት ነበር።

«አይ ሰርካለም፣ ጎንደር ተስማማሽ! ባልሽ ሲመጣ በበሩም አታልፊለት።»

«የምግብ ቤቱ ትራፊ ነው እማማ ሃጂራ» ትለኛለች፣ ነጠላዋን ወደፊት እየሳበች።

ዝናሽ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለችን። ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች። ጥቅምት ላይ መጥታ ከበሩ ቆመች።

«እማማ ሃጂራ፣ ከግቢው ነፍሰ ጡር አለች?»

«ከኔ ግቢ? እኔ ልጅ ያለው አላስገባ ያልኩ ሴትዮ! ሂጂ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

ተሳሳቅን። ሰርካለም ከደጃፏ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ነበር፤ አንገቷን ደፋች። ዝናሽ ስትወጣ «የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው፤ ለጎረቤት ንገሩልኝ» አለች። እኔም ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ።

ኅዳር ላይ ሰርካለምን ራስ ምታት ያዛት። ዓይኔን ጭልጭል ያደርገኛል ትላለች። ግንባሯን በሻሽ ጠፍሬ አሰርኩላት፣ ዝንጅብል አፈላሁላት። «ተነሽ ጤና ጣቢያ ልውሰድሽ» ስላት ግን ድንግጥ አለች። «ኧረ አያስፈልግም! ነገ ይሻለኛል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከግቢው መሐል ወደቀች። ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሷ ገጠመ። ትንፋሽ እንድታገኝ ብዬ መቀነቷን ልፈታ ቀሚሷን ገለጥሁ። መቀነቱ አራት ዙር ተጠምጥሟል፣ ጥብቅ ብሎ። የመጨረሻውን ዙር ስፈታው ሆዷ ወደ እጄ መጣ።

ያ አላህ!

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ነርሷ ከበሩ ተቀበለችን።

«የክትትል ካርዷ የታለ?»

«የላትም።»

«ስንት ወሯ ነው?»

«አላውቅም።»

«እናቷ አይደሉም እንዴ?»

«አከራይዋ ነኝ» አልኳት። ከዚህ በፊት ይህን ቃል ስናገር አፍሬ አላውቅም።

ደም ግፊት ነው አሉኝ። እርግዝናው ያመጣው ነው፣ ቀደም ብላ ግፊቷን ብትለካ ኖሮ ይደረስላት ነበር አሉ። እሷን አተረፏት። ሕፃኗ ግን ስትወጣ ሕይወት አልነበራትም። ሴት ነበረች፣ ፀጉሯ የሰርካለም።

በሦስተኛው ቀን ሰርካለም ነቃ አለች። ነርሷ ቀድማ ነግራታለች። እጇን ይዤ «ምነው ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?» አልኳት።

«ካርድ ባወጣ ዝናሽ ታውቃለች። ዝናሽ ካወቀች እርስዎ ያውቃሉ። ቢያዝን እስኪመለስ ብቻ ልደብቀው ብዬ ነው። ለእርጉዝ ማን ያከራያል እማማ? ከሥራ ስወጣ ስንት ቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ።» እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ክፍሉን ለሰው አልሰጡትም አይደል? አሁን እኮ ልጅ የለኝም።»

ልጆቼ፣ በክፋት ብትለው ይቀለኝ ነበር። የምሯን ነው፤ ተጨንቃ ነው የጠየቀችኝ።

«ክፍሉ ያንቺ ነው» አልኩ።

ወደ ቤት ካመጣኋት በኋላ ጎረቤት እየመጣ ከደጃፍ ይቆማል። ሰርካለምን የምትወዳት የምግብ ቤቱ ባልደረባዋ ታየችም መጣች። ሁሉም «ፈጣሪ ያጽናሽ» ይላሉና ከጎኗ ሕፃን አለመኖሩን አይተው ይወጣሉ። ሰርካለም ግን አራስ ነበረች። ወገቧ ተቆራርጧል፣ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶታል። ገንፎ አገነፋሁ፣ መሐሉን አጎድጉጄ ቅቤውን አፈሰስኩ። ታየች ግራ ገብቷት «ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአራሷ» አልኳት።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ግን አብሬ ነው ያደግሁት፣ ለወለደች የሚባለውን አውቃለሁ። ገንፎውን ከፊቷ አስቀምጬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ አንድ እንባ አልወጣትም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ትከሻዬን ይዛ፣ እንደ ሕፃን። ልትወጣ የነበረችው ታየችም ከበሩ ተመልሳ ገብታ ከእግሯ ሥር ተቀመጠች። ገንፎው እስኪቀዘቅዝ ማናችንም አልነካነውም።